የጣልያን ልጆች ስለ ፋሺዝም ምን ይማራሉ?

የካቲት 12 በመጣ ቁጥር በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ጣልያኖቹስ ይህን ለልጆቻቸው ምን ብለው ነው የሚነግሩት?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «ያስተምራሉ» ወይም «ይደብቃሉ» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። ነገሩ እንዲገባን ክፍል ውስጥ ገብተን ማየት አለብን። መጽሐፉን ማን ይመርጣል? መምህሩ ምን ማለት ይፈቀድለታል? ስንት ሰዓትስ አለው? ከሁሉም በላይ ደግሞ የኛ ታሪክ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የት ጋ ተቀምጧል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኛ ሲሆን እገልጻለሁ።)

ከፋሺስቶቹ ትምህርት ቤት እንጀምር፤ የዛሬው ችግር ሥሩ እዚያ ነውና። ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘው በጥቅምት 1922 ነው። ትምህርት ቤትን እንደ ሁለተኛ የጦር ሰፈር ነበር የሚያየው። በ1926 «ባሊላ» የሚባለው የልጆች ድርጅት ተቋቋመ። ሕፃናት ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው፣ በልካቸው የተሠራ ጠመንጃ ይዘው ይሰለፉ ጀመር። በ1929 ሕግ ወጣና ከ1930 መጸው ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ የሚያነበው መጽሐፍ አንድ ሆነ። ያዘጋጀው መንግሥት ራሱ ነው። በ1931 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለሥርዓቱ ታማኝ እንደሚሆኑ እንዲምሉ ተጠየቁ። ከ1,200 በላይ ከሚሆኑት መካከል «አንምልም» ያሉት ወደ አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ኢትዮጵያ ስትወረር ጦርነቱ ክፍል ውስጥም ገባ። በ1935 እና በ1936 በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቀለ። ልጆቹ ሠራዊቱ የደረሰበትን ቦታ ሁሉ በትንንሽ ባንዲራ ምልክት ያደርጉ ነበር። ዓድዋ፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ። የሚጽፉበት የደብተር ሽፋን እንኳ የዘመቻ ሥዕል ነበረበት። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የመደመር ሒሳቡን የሚሠራው የወታደርና የታንክ ሥዕል ባለበት ደብተር ላይ ነበር ማለት ነው። እነዚህ ደብተሮች ዛሬም ድረስ በየቤተ መዛግብቱ አሉ። ጎበዝ መምህራን እያወጡ ለተማሪ ያሳዩአቸዋል። ከሃያ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ አንዱ ደብተር ብዙ ይናገራል።

በ1938 የዘር ሕጎች ታወጁ። የአይሁድ ልጆችና መምህራን ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ከተባረሩት አንዷ ሚላን ውስጥ የምትኖር የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሊሊያና ሴግሬ። በ1944፣ በ13 ዓመቷ፣ ከሚላን ባቡር ጣቢያ ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ፣ አውሽዊትዝ፣ ተጫነች። ከሞት ተርፋ ተመለሰች። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረች ለተማሪዎች ተናግራለች። በ2018 የዕድሜ ልክ ሴናተር ተደረገች። የተጫነችበት መድረክ 21 አሁን መታሰቢያ ቦታ ነው። ተማሪዎች በአውቶቡስ እየመጡ ያዩታል።

እንግዲህ ፋሺዝም ሲወድቅ ዴሞክራሲ የወረሰው ይህንን ትምህርት ቤት ነው። ሕንፃው ያው። ጥቁር ሰሌዳው ያው። መምህራኑም በአብዛኛው ያው። የመንግሥት ሥራ ለመያዝ የፓርቲ መታወቂያ ያስፈልግ ስለነበር ታርጋው ያልተለጠፈበት መምህር ማግኘት ከባድ ነበር። የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ከ1943 ጀምሮ ከሲሲሊ ወደ ሰሜን ሲገፋ የትምህርት ባለሙያዎችም አብረውት ነበሩ። አሜሪካዊው ካርልተን ዋሽበርን ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ሥራቸው ከመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ፋሺስታዊውን ነገር ማውጣት ነበር። ገጾቹ ወጡ። በቦታቸው ግን ስለ ፋሺዝም የሚያስረዳ ነገር ቶሎ አልገባም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። የታሪክ ትምህርቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ሲደርስ ቆመ። ከ1918 በኋላ ያለውን ልጆቹ ከአባታቸው፣ ከጎረቤት፣ ከጋዜጣ ይስሙት ተባለ ማለት ነው። ለምን? አንዱ ምክንያት በየቤቱ የሚነካ ሰው ስለነበረ ነው። ሌላውና ትልቁ ደግሞ ፍርድ ቤት ስላልነበረ ነው። ጀርመን የናዚ መሪዎች የተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት ነበራት። የክስ ሰነድ፣ የምስክር ቃል፣ ፎቶግራፍ፣ ፍርድ። ለመምህር የተዘጋጀ ማስረጃ ማለት ነው። ጣልያን ውስጥ በ1946 ምሕረት ታወጀ። ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ በጦር ወንጀል የምትከሳቸውን ሰዎች ብታቀርብም በኢትዮጵያ ለተፈጸመው ወንጀል አንድም ጣልያናዊ ባለሥልጣን ችሎት ፊት አልቆመም። ግራዚያኒ በ1950 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥም ወጣ። ፍርድ ያልተሰጠበትን ነገር ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ለማንም ይከብዳል።

ዝምታው የተሰበረው ቀስ በቀስ ነው። በ1958 የትምህርት ሚኒስትር የነበረው አልዶ ሞሮ የሥነ ዜጋ ትምህርትን አስገባ። በወር ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ያም በታሪክ መምህሩ ጀርባ ላይ የተጫነ። በ1960 የታሪክ ሥርዓተ ትምህርቱ እስከ ፀረ ፋሺስት ትግሉና እስከ ሕገ መንግሥቱ መጽደቅ እንዲዘልቅ ተደረገ። ይህ ግን ወረቀት ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ያለውን እውነት የትኛውም መምህር ያውቀዋል። ከናፖሊዮን የጀመረ መምህር ሰኔ ሲመጣ ገና አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ለክረምት እረፍት ይቀራሉ። ችግሩን በቁርጠኝነት የነካው ሚኒስትር ሉዊጂ በርሊንጉዌር ነው። በ1996 ባወጣው ድንጋጌ የመጨረሻው ዓመት ሙሉ በሙሉ ለ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዲውል አደረገ። እኔ ከሁሉም ለውጥ ይህኛው ይበልጥብኛል። ምክንያቱም የማይደረስበት ምዕራፍ ከነጭራሹ ከሌለ ምዕራፍ አይለይም።

ዛሬስ? አንድ ጣልያናዊ ተማሪ ፋሺዝምን በደንብ የሚያገኘው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በ13 ወይም በ14 ዓመቱ፣ የመካከለኛ ደረጃውን ሲጨርስ። ሁለተኛ በ18 ወይም በ19 ዓመቱ፣ ለመልቀቂያ ፈተናው ሲዘጋጅ። የታሪክ ክፍለ ጊዜው በሳምንት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሁለት የዓለም ጦርነት፣ የሩሲያ አብዮት፣ ሂትለር፣ ቀዝቃዛው ጦርነትና የአውሮፓ ኅብረት ይታጨቃሉ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በዓመት ቢያንስ 33 ሰዓት የሥነ ዜጋ ትምህርት ግዴታ ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ እዚያ በሰፊው ይታያል።

አሁን ለኛ አንባቢ ግር ሊል የሚችል ነገር ልንገራችሁ። በኛ አገር መማሪያ መጽሐፍ ሲባል ከትምህርት ሚኒስቴር ወይም ከክልል ትምህርት ቢሮ የሚመጣ ነው። ጣልያን ውስጥ ግን የመንግሥት የታሪክ መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም። የግል አሳታሚዎች ያሳትማሉ። መምህራን ይመርጣሉ። ሚኒስቴሩ አስቀድሞ የሚያጸድቀው መጽሐፍ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ጥበብና ሳይንስ ነፃ ናቸው፣ ማስተማራቸውም ነፃ ነው ይላል። ይህ በአጋጣሚ የተጻፈ አይደለም። አንድ የመንግሥት መጽሐፍ ምን እንደሚያደርግ ያዩ ሰዎች የጻፉት ነው። በ2000 የሮማ ከተማ የምትገኝበት የላትሲዮ ክልል ምክር ቤት የታሪክ መጻሕፍትን «ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው» ብሎ የሚመረምር ኮሚሽን ለማቋቋም ሞክሮ ነበር። የታሪክ ምሁራንና መምህራን ተቃውሟቸውን አሰሙ። ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ነፃነቱ የሚያስከፍለው ዋጋ አለው፤ አንዱ ክፍል ስለ ደብረ ሊባኖስ ሁለት ሰዓት ሲማር ጎረቤቱ ያለው ክፍል ስሙን ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። ቢሆንም አንድ ሚኒስትር ሁሉንም መጽሐፍ በአንድ ጀንበር የሚቀይርበት አገር ከዚህ የባሰ ነው።

ታዲያ መምህሩ ገለልተኛ መሆን አለበት ወይ? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። የጣልያን ሪፐብሊክ በፋሺዝምና በዴሞክራሲ መካከል መሐል ሰፋሪ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ 12ኛው የመሸጋገሪያ ድንጋጌ የፈረሰውን የፋሺስት ፓርቲ በምንም መልክ እንደገና ማቋቋምን ይከለክላል። የ1952ቱ ሕግ ፋሺዝምን ማወደስን ወንጀል ያደርጋል። ስለዚህ መምህሩ «ሁለቱም ወገን የራሱ ሐሳብ አለው» ብሎ እንዲያልፍ አይጠበቅበትም። በሌላ በኩል ግን ተማሪውን «እንዲህ አስብ» ብሎ ማስጨነቅ የፋሺስቶቹ መንገድ ነው። ተማሪው ለፈተና ሲል ትክክለኛውን መልስ ሸምድዶ ከበሩ ሲወጣ ቢረሳው ምን ተገኘ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ጀርመኖች የደረሱበት ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1976 መጸው፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ባለች ቦይተልስባኽ በምትባል ትንሽ ቦታ፣ በፖለቲካ የማይስማሙ የትምህርት ባለሙያዎች ተሰብስበው ተወያዩ። ከዚያ የወጣው ሐሳብ እስከ ዛሬ የጀርመን መምህራን መመሪያ ነው። መምህር ተማሪውን ሐሳብ አይጭንበትም፤ ተማሪው ራሱ እንዲፈርድ ያደርገዋል። በምሁራንና በፖለቲካ ዘንድ የሚያከራክር ነገር ክፍል ውስጥም እንደሚያከራክር ሆኖ ይቅረብ። ተማሪው ጉዳዩ ከራሱ ሕይወት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንዲያይ ይታገዝ። ይህ ማለት ግን የአይሁድ እልቂት «ነበረ ወይስ አልነበረም» ተብሎ ክርክር ይከፈት ማለት አይደለም። ያ በማስረጃ ያለቀ ነገር ነው። የሚያከራክረው ተራው ሰው ለምን ዝም አለ፣ ማን ምን ያህል ያውቅ ነበር፣ የዛሬው ሕግ እስከ ምን ድረስ ይከልክል የሚለው ነው።

ወሰኑ የት ጋ እንደሆነ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። በ2019 ፓሌርሞ ውስጥ ተማሪዎች የ1938ቱን የዘር ሕጎች በወቅቱ ከወጣው የስደተኞችና የጸጥታ ድንጋጌ ጋር የሚያነጻጽር ቪዲዮ ሠሩ። መምህርታቸው «አልተቆጣጠረችም» ተብላ ለ15 ቀን ከሥራ ታገደች። አገሪቱ በክርክር ታመሰች። ንጽጽሩ ትክክል ነው ብሎ ማመን ግድ አይደለም። ግን ተማሪው ያነበበውን ታሪክ ካለበት ዘመን ጋር ማገናኘቱ ራሱ የትምህርቱ ግብ ነው። ስህተት ካለበት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በማስረጃ፣ ከጓደኞቹ ጋር ይታረማል። መምህሩን መቅጣት የሚያስተምረው ነገር ቢኖር አፍን መያዝ ብቻ ነው።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። አንድ ሰነድ ልጥቀስ። በሐምሌ 8 ቀን 1936 ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ የላከው ምስጢራዊ ቴሌግራም ነው። አጭር ነው፤ ጥቂት መስመር። በአማጺያኑና በተባባሪው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲን በተከታታይና በዕቅድ እንዲያካሂድ እንደገና ይፈቅድለታል። መምህሩ ይህን ወረቀት አባዝቶ ለተማሪዎቹ ቢያድል ብዙ ማለት አያስፈልገውም። ጥያቄዎቹ ከወረቀቱ ይወጣሉ። «እንደገና» ማለት ምን ማለት ነው? ከዚያ በፊትም ፈቅዶ ነበር ማለት ነው? «ተባባሪ ሕዝብ» የሚባለው ማን ነው? እንጀራ የሰጠች እናት? ያሳደረ ገበሬ? ያስታረቀ ቄስ? አዲስ አበባ ከተያዘች ገና ሁለት ወር እንዳለፈ ለምን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አስፈለገ?

ከዚያ ወደ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. መሄድ ይቻላል። ከዚያም በግንቦት ወደ ደብረ ሊባኖስ። ግራዚያኒ በቴሌግራም ለሮማ ያሳወቀው የተገደሉት መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ቁጥር ሲደመር ከ450 አያልፍም። ኋላ ላይ ኢትዮጵያዊና የውጭ ተመራማሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው፣ ያዩትን ሰዎች ጠይቀው ያጠኑት ጥናት ግን ቁጥሩን ወደ ሁለት ሺህ ያደርሰዋል። ተማሪው እዚህ ላይ ሁለት ቁጥር ፊቱ ተቀምጦለታል። ገዳዩ ለአለቃው የጻፈው አለ። የተገዳይ ወገን ያየው አለ። ለምን ተለያዩ? የትኛው ምን ይደብቃል? ታሪክ መማር ማለት ይሄ ነው። ከማንኛውም «ፋሺዝም መጥፎ ነው» ከሚል ስብከት የበለጠ ሥር ይሰዳል።

የመርዝ ጋዙም እንዲሁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው ለዓለም ተናገሩ። ጣልያን ውስጥ ግን ነገሩ ለአሥርት ዓመታት እንደ ስም ማጥፋት ተቆጠረ። ጋዜጠኛውና የታሪክ ምሁሩ አንጄሎ ዴል ቦካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰነድ አስደግፎ ሲጽፍ የስድብ መዓት ወረደበት። በኢትዮጵያ ዘመቻ የነበረው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ «እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም» በሚል ዓይነት ለዓመታት ተከራከረ። በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በጋዝ የተሞሉ ቦምቦችና የመድፍ ጥይቶች ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቅም ላይ መዋላቸውን ለፓርላማው አመኑ። ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ሞንታኔሊም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በፊት ትምህርቱን የጨረሰ ጣልያናዊ ሁሉ መንግሥቱ ራሱ ያላመነውን ነገር ከየት ይማረዋል? በ2006 አንድ ወጣት ጣልያናዊ ተመራማሪ መንዝ ውስጥ፣ ዘረት ላይ ያለውን ዋሻ ገብቶ አየ። በ1939 የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች ከነቤተሰባቸው በጋዝና በጥይት ያለቁበት ዋሻ ነው። አጥንቱ እዚያው ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለጣልያን ምሁራን ግን አዲስ ነገር ነበር።

ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት ውስጥ ጋዙ መጠቀሱ የተለመደ ሆኗል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ «የ1930ዎቹ የውጭ ፖሊሲ» በሚል ንዑስ ርዕስ ሥር፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብና ከሂትለር ጋር በተደረገው ወዳጅነት መካከል ተሸጉጣ ትገኛለች። ከሁለት ገጽ በኋላ የ1938 የዘር ሕጎች ይመጣሉ። አንባቢው የዘር ነገር ከጀርመን በድንገት የመጣ ይመስለዋል። እውነቱ እንዲያ አይደለም። በሚያዝያ 1937 የወጣ ድንጋጌ አንድ ጣልያናዊ ከቅኝ ግዛት ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይቀጣዋል ይል ነበር። ይህ የወጣው የአይሁድ ልጆች ከመባረራቸው ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ሰውን በዘር ለይቶ በሕግ መቅጣት አስመራና አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ነው ሚላንና ሮማ የደረሰው። 1937ን ዘሎ 1938ን የሚያስተምር መምህር ሊሊያና ሴግሬ ለምን ከክፍሏ እንደተባረረች ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው። አፍሪካ የዚህ ታሪክ መግቢያ ናት።

ትምህርት ቤቱ በዓመት የሚያስባቸው ቀኖችም ይህንኑ ያሳያሉ። ሚያዝያ 25 የነፃነት ቀን ነው። ጥር 27 በ2000 በወጣ ሕግ የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ሆነ። የካቲት 10 በ2004 ሕግ ከዩጎዝላቪያ ድንበር አካባቢ ለተገደሉና ለተፈናቀሉ ጣልያናውያን ተሰጠ። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ትምህርት ቤቶች ዝግጅት አላቸው። የቅኝ ግዛት ተጠቂዎች የሚታሰቡበት ቀን ግን በሕግ አልተደነገገም። እኛ የካቲት 12 በምንለው ቀን፣ በነሱ የካቲት 19፣ እንዲታሰብ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ ያውቃል፤ ከ2006 ጀምሮ ከአንድ ጊዜ በላይ። ከሕጉ ቀድመው በራሳቸው ተነሳሽነት ቀኑን የሚያስቡ መምህራንና ማኅበራት ግን በርካታ ናቸው። ሊመሰገኑ ይገባል።

ከክፍል ውጭም ብዙ የሚታይ ነገር አለ። ሮማ ውስጥ የአፍሪካ ሰፈር የሚባል አካባቢ አለ። ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ኤርትራ ጎዳና፣ ሊቢያ ጎዳና እዚያ ናቸው። አንዳንድ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው በእግር እየዞሩ ስሞቹ ከየት እንደመጡ ያስጠኗቸዋል። አምባ አራዶም፣ በ1936 ወታደሮቻችን በቦምብና በጋዝ ያለቁበት ተራራ፣ ሮማ ውስጥ ትልቅ መንገድ ተሰይሞለታል። እዚያ ይሠራ የነበረው የሜትሮ ጣቢያም በዚሁ ስም ሊጠራ ነበር። በ2020 የከተማው ምክር ቤት ስሙ ተቀይሮ ለጆርጆ ማሪንኮላ እንዲሆን ወሰነ። ማሪንኮላ እናቱ ሶማሊያዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ የሆነ ወጣት አርበኛ ነው። ጦርነቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በግንቦት 1945 ተገደለ። በተቃራኒው በ2012 ሮማ አቅራቢያ ባለችው አፊሌ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቷል። ኢትዮጵያውያን በየአገሩ ሰልፍ ወጡ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሁለቱም በአንድ አገር፣ በአንድ ክልል፣ በስምንት ዓመት ልዩነት የሆኑ ናቸው።

አሁን ደግሞ አዲስ ክርክር ተነስቷል። በ2025 ይፋ የሆነው የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ረቂቅ የታሪክ ክፍሉን የጀመረው ታሪክን የሚያውቀው ምዕራቡ ዓለም ብቻ ነው በሚል አረፍተ ነገር ነበር። ብዙ የታሪክ ምሁራን ተቃወሙት። የአክሱምን ሐውልት አንስቶ ሮማ አደባባይ ላይ ለ66 ዓመት ያቆመ አገር በዚህ አረፍተ ነገር ልጆቹን ታሪክ ማስጀመሩ ያሳዝነኛል። ሐውልቱን የሠራው ሕዝብ ታሪኩን በድንጋይም በብራናም ጽፎ ያኖረ ነው።

በዚያው አገር የኛ ልጆችም አሉ። ሮማና ሚላን ተወልደው፣ ከጣልያን ልጆች ጎን ተቀምጠው ያንኑ ምዕራፍ የሚያነቡ። መምህሩ «ኢትዮጵያ» ሲል ክፍሉ ሁሉ ወደነሱ ዞር ይላል። ልጁ ቤት የሰማውና መጽሐፉ የሚለው ካልተገናኘ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ወላጅ እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ሕጉም ይፈቅድለታል። በየክፍሉ የወላጅ ተወካዮች በየዓመቱ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይመረጣሉ። ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው መጽሐፍ ሲመረጥ የክፍሉ ጉባኤ ሐሳብ ይሰጣል፤ ተወካዮቹም እዚያ ተቀምጠው ይናገራሉ። የመጨረሻው ውሳኔ የመምህራን ጉባኤ ነው፤ የሚወሰነውም በግንቦት ነው። ስለዚህ «ይህ መጽሐፍ ስለ 1935 እስከ 1941 ስንት ገጽ አለው? የካቲት 12ን ይጠቅሳል? የ1937ቱ ድንጋጌ አለበት?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ከግንቦት በፊት ነው። የአያቱ ፎቶ ከነሜዳሊያው ቤቱ ያለ ወላጅ ደግሞ መምህሩን አነጋግሮ ክፍል ውስጥ ቢያቀርበው የሚከለክለው የለም። ብዙ መምህራን እንዲህ ያለ እንግዳ ሲያገኙ ደስ ነው የሚላቸው።